ተልባ ቢንጫጫ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። የቆየ ዕዳ አለብኝ። የተበደርኩት በሰው ፊት ስለሆነ፣ የምከፍለውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሱት ይሆናል። አርባ ምንጭ፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የሚጀምር ክፍለ ጊዜ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል፣ ግማሹ በደብተሩ ያራግባል። ትምህርቱ ሃይድሮሊክስ ነው። የዕለቱ ርዕስ ደግሞ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲጓዝ በሰበቃ የሚያጣው ጉልበት።

እንቅልፋቸውን ላባርር ብዬ ጥያቄ ወረወርኩ። "ቧንቧው ያው ነው፣ አይቀየርም። የታንከሩ ከፍታም ያው ነው። ፓምፕ የለም። በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ከፍታ፣ ብዙ ውሃ እንዲያልፍ ምን ታደርጋላችሁ?"

እኔ የምጠብቀው "ምንም ማድረግ አይቻልም" የሚል መልስ ነበር። ከዚያ ወደ ቀመሩ ልገባ ነው።

ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከደጋው፣ ከጨንቻ በኩል የመጣች ናት። በዚያ ሴሚስተር ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

"ተልባ ብንጨምርበትስ?" አለች።

ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው ተከተለ። እኔ መምህሩ ነኝ፤ ሳቁን ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ቧንቧው ጾም ይዟል እንዴ?"

በቃ፣ ምን አለፋችሁ፣ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ያንቀላፉትም ነቁ። እኔም ቀልዴ ስለሠራልኝ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ሳቁ በረድ እስኪል ጠብቃ እንዲህ አለች። "ቲቸር፣ እናቴ ሻይ ቤት አላት። በጾም ተልባ በበርሜል ታዘጋጃለች። በርሜሉን ስናጥብ እጣቢውን በውሃ ጎማ ጓሮ እናጠጣዋለን። የተልባ እጣቢ ሲሆን ዳር ያለው እንሰት ድረስ ይወረወራል። ንጹህ ውሃ ሲሆን ግን እንሰቱ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። በርሜሉም ያው ነው፣ ጎማውም ያው ነው።"

አሁን ሳስበው፣ ያቺ ልጅ በሦስት ዐረፍተ ነገር አንድ ሙሉ የላብራቶሪ ሪፖርት ነው ያቀረበችው። የሚለወጠውን ለወጠች፣ የማይለወጠውን ያዘች፣ ርቀቱን በእንሰት ለካች። እኔ ግን የሰማሁት "ሻይ ቤት" የሚለውን ብቻ ነበር።

ዞር ብዬ ክፍሉን ጠየቅኩ፦ "ተልባ ውሃን ያቀጥነዋል ወይስ ያወፍረዋል?"

"ያወፍረዋል!"

"ማርና ውሃ በአንድ ቧንቧ ቢለቀቁ የትኛው ይፈጥናል?"

"ውሃ!"

"አየሽ?" አልኳት። "ያኔ በርሜሉ ሞልቶ ይሆናል። ከፍታው ሲጨምር ነው ውሃ ሩቅ የሚወረወረው።"

"እሺ ቲቸር" ብላ ተቀመጠች። እስክትመረቅ ድረስ በእኔ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

ያስረዳሁት ነገር በራሱ ስህተት አልነበረም። ቦታው ላይ ግን አይሠራም ነበር። ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

አንድ ማታ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማስተማሪያ ሳዘጋጅ፣ ስለ ነውጠኛ ፍሰት በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘሁ። ቶምስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ሆላንድ ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ግኝት ነው። ቶምስ ፕሌክሲግላስ የሚሠራበትን ፖሊመር በኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ በትንሹ አሟሙቶ በቧንቧ ይለቅቀዋል። ፖሊመር ማለት እጅግ ረጅም ሞለኪውል ነው፤ ትንንሽ ቁርጥራጮች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት። ሁሉም ሰው እንደሚጠብቀው ድብልቁ ከንጹሁ ፈሳሽ ወፈር ያለ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ መሄድ ነበረበት። ነገር ግን ፍሰቱ ነውጠኛ ሲሆን፣ በዚያው ግፊት፣ ከንጹሁ ፈሳሽ የበለጠ አለፈ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ ደግሞ ከፈትኩት። የሚታየኝ ቶምስ አልነበረም። ዳር ላይ የቆመ እንሰት ነበር።

ነገሩን ላስረዳችሁ፤ መሐንዲስ ያልሆናችሁም አትሂዱብኝ።

ውሃ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የተረጋጋ ነው፣ ላሚናር እንለዋለን። ሽፋን በሽፋን ላይ እየተንሸራተተ፣ እንደ ሰልፈኛ ሳይጋፋ የሚሄድ። ሌላው ተርቡለንት የምንለው ነውጠኛ ፍሰት ነው። ሚያዝያ ላይ ኩልፎ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች አይታችሁ ከሆነ እሱን አይታችኋል። ውሃው ወደ ጫሞ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ይሽከረከራል፣ ወደ ጎን ይጋጫል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ትልቁ አዙሪት ትንሹን ይወልዳል፣ ትንሹ ደግሞ የባሰ ትንሹን፤ መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሬይኖልድስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1883 ቀለም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ለቅቆ ይህን ልዩነት ለዓለም አሳየ። ፍጥነቱ ዝግ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲጨምር ክሩ ይበጠስና ቱቦውን ሁሉ ያቀልመዋል።

የእኔ የማር ምሳሌ የሚሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው። በሰልፍ ለሚሄድ ፈሳሽ መወፈር ማለት መዘግየት ነው። በቤታችን፣ በከተማችን፣ በዚያ በርሜል ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነውጠኛ ነው። እዚያ ከባዱ ኪሳራ የሚመጣው ውሃው ስለወፈረ ሳይሆን ጉልበቱን በመተራመስ ስለሚያባክነው ነው። ረብሻው ደግሞ በብዛት የሚነሳው ከቧንቧው ግድግዳ አጠገብ ነው።

ፖሊመሩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሰንሰለቱ በረጋ ውሃ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። የደጋዎቹ እናቶች ፈትለው ለዶርዜ ሸማኔ የሚሰጡትን የፈትል ልቃቂት አስቡ። ግድግዳው አጠገብ ያለው አዙሪት ልቃቂቱን ይዞ ይጎትተዋል፣ ልቃቂቱም ይተረተራል። የተተረተረው ክር ደግሞ ዝም ብሎ አይጎተትም፤ ይወጠራል፣ መልሶ ይስባል። አዙሪቱ ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ክሩ ይቀማዋል። ብዙ ሚሊዮን ክሮች ይህን ሲያደርጉ ረብሻው ይለዝባል፣ ለረብሻ ይውል የነበረው ጉልበት ውሃውን ወደፊት ለመግፋት ይተርፋል። ዋናው ነገር የክሩ መወጠር ነው ወይስ መልሶ መሳቡ በሚለው ላይ ግን ትልልቅ ሰዎች ተከራክረውበታል። ሉምሌይ አንዱን ይዟል፤ በ1991 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ፈረንሳዊው ደ ጄን ሌላውን ይዟል።

የሚገርመው መጠኑ ነው። በሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት አሥር ግራም ጥሩ ፖሊመር ይበቃል። አምስት ትልልቅ በርሜል ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ እንኳ የማይሞላ ዱቄት ማለት ነው። ሁኔታው ሲመች የሰበቃውን ኪሳራ እስከ 80 ከመቶ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ ቪርክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ያሳየው የመጨረሻ ወሰን አለው። የፈለግከውን ያህል ፖሊመር ብትጨምር ያንን አታልፍም።

ይህ የላብራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኒውዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች በውሃቸው ውስጥ ፖሊመር ጨምረው ሞክረዋል፤ በቀጭን ጎማ ብዙ ውሃ ለመላክ። ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአላስካ የነዳጅ ቧንቧ በ1979 ይህንኑ መጠቀም ጀመረ፤ ነዳጁ ውስጥ ፖሊመር እየጨመሩ በዚያው ቧንቧ የበለጠ ነዳጅ አሳለፉ።

ተልባስ? ተልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሚለቀው ያ ዝልግልግ ነገር እኮ ራሱ ፖሊመር ነው፤ ከስኳር ቁርጥራጮች የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት። አብሽም እንደዚያው። በዓለም ላይ ለዚሁ ሥራ ከተሞከሩት ውስጥ ጓር የሚባለው ሙጫ አለ፤ የአብሽ ዝልግልግ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። የጨንቻ ሻይ ቤት እጣቢና የአላስካ ነዳጅ በአንድ ሕግ ነው የሚተዳደሩት።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላም ውስጤ አልረጋም። በወረቀት አምኜ በወረቀት ነበር ያሳሳትኳት፤ አሁን ደግሞ በወረቀት ብቻ ማመን አልፈለግኩም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ በርሜል በድንጋይ ላይ ሰቀልኩ። የውሃ ጎማ ገጠምኩ። በርሜሉ ላይ በቀለም ሁለት መስመር አሰመርኩ። ልጄ ስልክ ይዞ ሰዓት ይቆጥራል። ባለቤቴ "የቤቱን ተልባ ጨረስከው" እያለች በመስኮት ታያለች።

በመጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሌሊቱን ያደረ ተልባ በነጠላ አጥልዬ፣ ከእሱ ጥቂት ኩባያ በርሜሉ ውስጥ አሟሙቼ፣ ሦስት ጊዜ።

ውሃው ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ አጠረ። በሦስቱም ጊዜ አጠረ። ልጄ "አባዬ፣ ድምፁም ቀነሰ" አለኝ። እውነቱን ነው። ከጎማው የሚወጣው ውሃ አይረጭም፣ አይንጫጫም፤ እንደ ብርጭቆ ዘንግ ሆኖ ይወጣል። እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ፣ በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ ተልባው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ደግሞ ድንበሩን ፈለግኩ። ተልባውን ሳላቀጥን ድፍን አድርጌ ስለቅቀው ዘገየ፤ የእኔ ማር እዚህ ጋ ትክክል ነው። በርሜሉን ዝቅ አድርጌ ውሃው ቀስ እያለ እንዲወርድ ሳደርግም ምንም ጥቅም አላየሁም፤ አዙሪት ከሌለ ልቃቂቱን የሚተረትረው የለም። ልጅቷ ያለችው እጣቢ ነው። ቀጭን የሆነው፣ በፍጥነት የሚወጣው። እሷ ራሷ ድንበሩን አስቀምጣው ነበር፤ እኔ አልሰማሁም እንጂ።

የመጨረሻው ሙከራ በጣም አስተማረኝ። ጎረቤቴ የሙዝ ማሳውን የሚያጠጣበት ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ተዋስኩት። የተልባውን ውሃ ከበርሜል ወደ በርሜል በፓምፑ ደጋግሜ አመላለስኩት። ከዚያ እንደገና በጎማው ስለቅቀው ከንጹህ ውሃ ብዙም አልተለየም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፓምፑ መዘውር ሰንሰለቱን በጣጥሶታል። ረጅሙ ክር አጭር ሆኗል፤ አጭር ክር አዙሪት አይዝም። ለዚህ ነው አላስካ ላይም ፖሊመሩ ከፓምፑ በኋላ የሚጨመረው፤ ፓምፕ ውስጥ ካለፈ ስለሚደቅቅ ከቀጣዩ ጣቢያ በኋላ እንደ አዲስ ይጨመራል።

ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይሉ የለ? ያኔ ገባኝ። አንዴ የተበጠሰ ክር ተመልሶ አይቀጠልም። ውሃው ያው ይመስላል፣ ቀለሙም ያው ነው፣ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ግን ከእንግዲህ አያደርግም።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ለአርባ ምንጭ ውሃ ለምን አንጠቀምበትም?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ምንጮቹ ከታች፣ ከገደሉ ሥር ናቸው፤ ሴቻ ከላይ ናት፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው። መልሴ አይሆንም ነው። ውሃን ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ተልባ አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው የሰበቃውን ድርሻ ብቻ ነው። ደግሞም የሚጠጣ ውሃ ውስጥ ተልባ መጨመር ለተህዋስያን ድግስ መደገስ ነው። የእኔው በርሜል በሦስተኛው ቀን ሸትቶ ነው የደፋሁት። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን አንብቦ ተልባ ይዞ ወደ ታንከር እንዳይወጣ፣ አደራ።

እኔን ያስጨነቀኝ የቧንቧው ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የልጅቷን ስልክ ከጓደኞቿ አፈላልጌ ደወልኩላት። አሁን ልጅ አይደለችም፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ውሃ ላይ ነው የምትሠራው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጽፍም።

ራሴን አስተዋወቅኩ። ሰላምታ ተለዋወጥን። "ከብዙ ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብለሽ ነበር..." ከማለቴ፣

"ተልባዋን ነው ቲቸር?" አለችኝ።

አልረሳችውም። ሁሉንም ነገርኳት። ቶምስን፣ በርሜሉን፣ ልጄን፣ ፓምፑን። "አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። በክፍሉ ሁሉ ፊትም አሳቅኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ። "ቲቸር፣ ያን ዓመት ለእረፍት ቤት ስገባ እናቴ በርሜል እያጠበች ነበር። 'ነይ እዪ፣ የተልባው ዛሬም እንሰቱ ጋ ደረሰ' አለችኝ። እኔም 'ተሳስተሽ ነው እማዬ፣ በርሜሉ ስለሞላ ነው። ተልባ ውሃ ያወፍራል እንጂ አያስኬድም' አልኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"'ያስተማረሽ ሰውዬ ጎማ ይዞ ያውቃል?' አለችኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ሳያልቅ ቀጠለች። "ከዚያ በኋላ ግን ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ያየችውን ነገር ነግራኝ አታውቅም። የተማርሽው አንቺ ነሽ ትለኛለች።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ የመሰለኝ አንዲት ተማሪ ላይ የሁለት ደቂቃ ቀልድ እንደቀለድኩ ነበር። ለካ ክሩ ረጅም ነው። ከእኔ ክፍል ጨንቻ ድረስ፣ ከልጅ እስከ እናት የሚደርስ ነው። እናትየዋ ስንት ነገር አይታ ይሆን፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለማንም ያልነገረችው?

አሁን አስተማሪ ለሆናችሁ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ሆናችኋልና። ተማሪ "እንዲህ ይመስለኛል" ካላችሁ በቀመር መልሱለት፣ ችግር የለውም። "እንዲህ አየሁ" ካላችሁ ግን ከቀመሩ በፊት "እንዴት አየሽው? እስቲ አሳዪኝ" በሉ። ያየው ነገር ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አብራችሁ ፈልጉት። በርሜልና ጎማ ውድ አይደለም። እኔ ያን ቀን በርሜል አስመጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የስምንት ሰዓት ክፍል በሕይወታቸው የማይረሱትን ትምህርት ይማር ነበር። አሁን የሚያስታውሱት የእኔን ቀልድ ነው።

ያን ቀን የሳቃችሁም አትሸማቀቁ። ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ።

አንቺም ይህን ስታነቢ ለእናትሽ አንብቢላት፤ በጋሞኛ ተርጉሚላት። ሰውዬው ጎማ ይዞ አያውቅም ነበር፣ አሁን ግን ይዟል በያት። ለፍልሰታ ጨንቻ እመጣለሁ። በርሜሉን አብረን እናጥባለን፣ ሌላም ያየችው ነገር ካለ ደብተር ይዤ ነው የምመጣው።